ከሥራ የተቀነሱ የአየር ማረፊያ አገልግሎት ሠራተኞች ለአስተዳደር ቦርዱ የጻፉት ግልጽ ደብዳቤ

ሴፕቴምበር 2021

ጉዳዩ፦ የተቀነሱ የኮንትራክተር ሠራተኞችን ወደ ሥራ ስለመመለስና በይደር ስለቆየው የደመወዝ ጥያቄ

ለተከበራችሁ የአየር ማረፊያው አስተዳደር ቦርድ ሰብሳቢና አባላት፣

እኛ ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ሠራተኞች በምታስተዳድሩት አየር ማረፊያ መንገደኞችን በዊልቸር የምንገፋ፣ አንድ አውሮፕላን አርፎ እስኪነሳ ባለው አጭር ጊዜ ካቢን የምናጸዳ፣ ሻንጣ የምንጭንና የምናወርድ፣ የበረራ ምግብ የምናዘጋጅ ነን፤ ከመካከላችን ብዙዎቹ ግን ከማርች 2020 ወዲህ ወደዚህ ሥራ አልተመለሱም። አብዛኞቻችን ከኢትዮጵያ የመጣን ስንሆን፣ የቀጠሩን እናንተም ሆናችሁ አየር መንገዶቹ አይደላችሁም፤ አየር መንገዶቹ ሥራውን በጨረታ የሚያስተላልፉላቸው ኮንትራክተሮች ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በዚህ አገር፣ በአሜሪካ አቆጣጠር ጽፈናል።

ባለፈው ወር ስብሰባችሁ ሁለት ውሳኔዎች አሳልፋችኋል። በአንደኛው፣ የሠራተኛ ማኅበራችን ከ2019 ጀምሮ ያቀረበው የዝቅተኛ ደመወዝ ጭማሪ ጥያቄ የመንገደኛው ቁጥር ወደ 2019 መጠን እስኪመለስ በይደር እንዲቆይ ወስናችኋል። በሁለተኛው፣ የዊልቸርና የካቢን ጽዳት ሥራውን ከቀድሞው ኮንትራክተር ለተረከበው አዲስ ድርጅት በአየር ማረፊያው የመሥራት ፈቃድ ሰጥታችኋል፤ በፈቃዱ ላይ የቀድሞዎቹን ሠራተኞች ተረክቦ የማሠራት ግዴታ አልተጻፈም። በቃለ ጉባኤው ላይ ሁለቱ ተለያይተው ቢቀመጡም በእኛ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት አንድ ነው። በጉዞው መቀዝቀዝ ምክንያት ነባሩ ሠራተኛ ወጣ፤ ጉዞው ሲነቃ ያው ሥራ በመነሻ ደመወዝ ለአዲስ ቅጥር ተሰጠ፤ ደመወዙ ይስተካከል ስንል ደግሞ የጉዞው መቀዝቀዝ ገና አላለፈም ተባልን።

የዚህ ደብዳቤ የእንግሊዝኛ ቅጂ ለጽሕፈት ቤታችሁ ገብቷል። በአማርኛ የምናወጣው ስለ ሥራቸውና ስለ ስንብታቸው የተጻፈ ወረቀት ሁሉ በእንግሊዝኛ ብቻ ሲደርሳቸው የኖሩ አባሎቻችን፣ ቢያንስ በስማቸው የቀረበውን አቤቱታ ራሳቸው እንዲያነቡት ብለን ነው። የኮንትራክተሮቹንም ሆነ የአባሎቻችንን ስም እዚህ አልጠቀስንም። ዝርዝሩ ከአቤቱታው ጋር ተያይዞ ቀርቧል፤ አሁንም በሥራ ላይ ያሉ ባልደረቦቻችን በዚህ ደብዳቤ ሰበብ ሺፍታቸው እንዲነካባቸው አንፈልግም።

ወደ ቅሬታችን ከመግባታችን በፊት የማንከራከርበትን እንናገር። ኤፕሪል 14 ቀን 2020 በመላው አሜሪካ በአየር ማረፊያዎች ፍተሻ ያለፈው መንገደኛ 87,534 ብቻ ነበር፤ ከዓመት በፊት በዚያው ሰሞን በቀን ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ያልፍ ነበር። በዚያ ወር የሚገፋ መንገደኛ፣ የሚጸዳ ካቢን እንዳልነበረ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ባዶውን ተርሚናል ያየነው እኛ ነን። ሰው በሌለበት ሙሉ ሰዓት አሠሩን አላልንም። እንዲያውም በዚያው ወር ማኅበራችን ለኮንትራክተሩ በጻፈው ደብዳቤ፣ ግማሹን ሠራተኛ ከማሰናበት ይልቅ ያለውን ሰዓት ለሁላችንም አከፋፍሉን፣ የአገልግሎት ዘመናችንና የጤና ኢንሹራንሳችን አይቋረጥ ብሎ ነበር። ይህ ያልታየ ነገር አልነበረም፤ በሴፕቴምበር 2020 የዩናይትድ አየር መንገድ ፓይለቶች ሰዓታቸውን ለመቀነስ ተስማምተው ወደ 2,850 የሚጠጉ ባልደረቦቻቸውን ከቅነሳ አትርፈዋል። የፓይለቶቹ ሐሳብ ጠረጴዛ ላይ ቀርቦ ውይይት ተደረገበት። ለእኛ ደብዳቤ ግን እስከ ዛሬ መልስ አልተሰጠም።

የመጀመሪያው ቅሬታችን በሠራተኛ ስም የወጣውን ገንዘብ ይመለከታል። ማርች 27 ቀን 2020 የጸደቀው ኬርስ የተባለው ሕግ ለደመወዝ ድጋፍ ብቻ ለመንገደኛ አየር መንገዶች 25 ቢሊዮን፣ ለጭነት አየር መንገዶች 4 ቢሊዮን፣ እንደኛ ቀጣሪ ላሉ ኮንትራክተሮች 3 ቢሊዮን ዶላር መድቧል። ገንዘቡ የተሰጠው ሠራተኛ በግዳጅ እንዳይሰናበትና ደመወዙ እንዳይቀነስ ሲሆን፣ ስሌቱም የተሠራው በ2019 በተከፈለ ደመወዝ ነው። ክፍተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ክልከላው የሚጸናው ድርጅቱ ድጋፉን የሚቀበልበትን ውል ከመንግሥት ጋር ከፈረመ በኋላ ስለሆነ፣ አስቀድሞ ሠራተኛውን አሰናብቶ ኋላ የፈረመ ኮንትራክተር በ2019 ለነበረው ሙሉ የሰው ኃይል የተሰላውን ገንዘብ ለተረፉት ጥቂቶች ማዋል ይችል ነበር። ይህን የምንለው ከራሳችን አይደለም፤ የኮሮና ቫይረስን ቀውስ እንዲከታተል የተቋቋመው የተወካዮች ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ በኦክቶበር 2020 ባወጣው ሪፖርት በተለያዩ ኮንትራክተሮች ዘንድ የሆነው ይኸው መሆኑን አረጋግጧል። እኛም የተሰናበትነው ሕጉ በጸደቀበት ሰሞን ነው፤ የድጋፍ ገንዘቡ ለቀጣሪያችን መፈቀዱን ከሳምንታት በኋላ ከዜና ሰማን። በዲሴምበር 2020 እና በማርች 2021 የወጡት ሕጎች ለኮንትራክተሮች በእያንዳንዱ ሕግ 1 ቢሊዮን ዶላር ሲጨምሩ ስለ ተቀነሱ ሠራተኞች መመለስ አንስተዋል፤ በእኛ ዘንድ ከዚያ ገንዘብ በየትኛው ስንት ሰው እንደተመለሰ ግን ጠይቀን የነገረን የለም።

የቦርዱም ድርሻ አለ። ያው ሕግ ለአየር ማረፊያዎች 10 ቢሊዮን ዶላር ሲሰጥ፣ ተቀባዮቹ በሕጉ መጽደቂያ ዕለት ከነበራቸው ሠራተኛ ቢያንስ 90 በመቶውን እስከ 2020 መጨረሻ በሥራ እንዲያቆዩ አስገድዷል። ቦርዱ ይህን ግዴታ እንደጠበቀ በዓመታዊ ሪፖርቱ ገልጿል፤ እኛም አንጠራጠርም። ነገር ግን የተቆጠሩት በቀጥታ የቀጠራችኋቸው ብቻ ናቸው። በአንድ ተርሚናል፣ በአንድ ጌት፣ ጎን ለጎን ከሚሠሩ ሁለት ሰዎች አንዱ ተቆጠረ፣ አንዱ አልተቆጠረም። የምንለብሰውን ባጅ የምትሰጡን እናንተ ናችሁ፤ የጣት አሻራችን ያለው በእናንተ ጽሕፈት ቤት ነው፤ የት በር መግባት እንደምንችልና እንደማንችል የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ለጥበቃ ሲሆን የእናንተ ሰዎች ነን፤ ለመብት ሲሆን ወደ ኮንትራክተሩ ሂዱ እንባላለን።

ሁለተኛው ቅሬታችን የመመለሻ ጥሪው አካሄድ ነው፤ በዚህ ላይ ረዘም አድርገን ብንጽፍ አትታዘቡን፤ አባሎቻችን ከምንም በላይ የተጎዱት በዚህ ነው። የመንገደኛው ቁጥር ከማርች 2020 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀን ከ2 ሚሊዮን ያለፈው በጁን 2021 ነው። በዚያው ወር በተርሚናሉ ግድግዳ ላይ «ሠራተኛ እንቀጥራለን» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ለአዲስ ገቢ ማበረታቻ ገንዘብ እንደሚከፈልም ተጽፎበታል። ሠራተኛ ጠፋ የሚለውን ወሬ በየቴሌቪዥኑ ስንሰማ፣ ስልካችንን ይዘን ቤት የተቀመጥን ሰዎች ነበርን።

አንዲት ካቢን በማጽዳት 14 ዓመት ያገለገሉ እናት ማስታወቂያውን አይተው ወደ ቢሮው ሲሄዱ፣ የቀድሞው ፋይልዎ ተዘግቷል፣ እንደማንኛውም አመልካች በኢንተርኔት ያመልክቱ ተባሉ። አመለከቱ፤ ተቀጠሩ። ደመወዛቸው ግን የጀማሪ ደመወዝ ሆነ፤ ያጠራቀሙት የዕረፍት ቀን ተሰረዘ፤ ሺፍት የሚመረጠው በአገልግሎት ዘመን ስለሆነ ከልጅ ልጃቸው ዕድሜ ካሉ ወጣቶች በታች ተመድበው የሌሊቱን ሺፍት ወሰዱ። በሥልጠናው ዕለት አሠልጣኟ ቀድሞ እሳቸው ራሳቸው ሥራ ያስለመዷት ልጅ ነበረች።

ሌላው አባላችን በዊልቸር አገልግሎት የሠሩ፣ በስድሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ አባት ናቸው። ኮንትራክተሩ ጠርቻቸው አልመጡም ብሎ በመዝገቡ ላይ «ሥራ አልተቀበሉም» ሲል ጽፏል። ማኅበሩ ሲያጣራ ጥሪው የተላከው በኩባንያው ኢሜይል አድራሻ ነው። ያ አድራሻ የተዘጋው እሳቸው በተሰናበቱበት ዕለት ነው። መልስ ለመስጠት የተሰጠው ጊዜ ሦስት ቀን ነበር። ስልካቸው አልተቀየረም፤ ቤታቸውም አልተቀየረም፤ ይህ ሁሉ በፋይላቸው ላይ አለ። ሥራ አልተቀበሉም ተብሎ መጻፉ ደግሞ ተራ ስህተት ሆኖ የሚቀር አይደለም፤ ያገኙት የነበረውን የሥራ አጥነት ክፍያ እንዲመልሱ ሊያስጠይቃቸው ይችላል። ተመሳሳይ ጽሑፍ በፋይላቸው ላይ ያገኙ ሌሎች አባላትም አሉን።

የባጁም ነገር እንዲሁ ነው። የሥራ ውል ሲቋረጥ ባጅ እንደሚዘጋ እናውቃለን፤ የጸጥታ ደንብ ነው፣ ተገቢም ነው። ነገር ግን የተመለሱት ጥቂቶች አሻራና የኋላ ታሪክ ምርመራው እስኪያልቅ ያለ ደመወዝ ሲጠብቁ፣ ወጪውም ከመጀመሪያ ደመወዛቸው ተቆርጧል። ባጁን የሚያወጣው ጽሕፈት ቤት የእናንተ ስለሆነ ይህን ለማስተካከል የማንንም ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልጋችሁም።

ስለ ጤና ኢንሹራንስ አንድ ነገር ብቻ እንበል። በማርች 2021 የወጣው ሕግ ከሥራ ለተቀነሱ ሰዎች የቀድሞ ኢንሹራንሳቸውን ማስቀጠያ ክፍያ ከኤፕሪል 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ሙሉ በሙሉ መንግሥት እንዲሸፍን አድርጓል፤ ቀጣሪዎችም ይህን እንዲያሳውቁ ግዴታ ነበረባቸው። ባልና ሚስት ሆነው እዚሁ ይሠሩ የነበሩና ሁለቱም የተቀነሱ አባሎቻችን ስለዚህ መብት የሰሙት በኦገስት ወር፣ ከቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። ባልየው የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ እስከዚያ ድረስ ኢንሱሊን ሲገዙ የነበረው ከኪሳቸው፣ ከጎደለም ከዕድር ብድር ነው። ማስታወቂያው ደርሷችኋል ተባሉ፤ ሲፈለግ ብዙ ገጽ ካለው የእንግሊዝኛ ሰነድ መካከል ተገኘ። ድጋፉ ሊያበቃ የቀሩት ቀናት ናቸው።

ሦስተኛው ጉዳይ የደመወዝ ጥያቄያችን ነው። በውይይቱ ላይ አንድ የቦርድ አባል፣ ማኅበራት በመከራ ጊዜ ጭማሪ ሲጠይቁ ሥራ ያሳጣሉ ማለታቸው በቃለ ጉባኤው ሰፍሯል። አክብሮታችን እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የዚህ አየር ማረፊያ ታሪክ ይህን አያሳይም። በ2020 ሥራቸውን ያጡት ጭማሪ ያገኙ ሰዎች አይደሉም፤ ጭማሪ ጠይቀው ያላገኙ፣ በሰዓት ከ12 ዶላር በታች የሚከፈላቸው ሰዎች ናቸው። ዝቅተኛ ደመወዛችን አንድም ሰው ከመቀነስ አላዳነም። የዊልቸር ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ ዝቅ ብሎ የተተመነው ቲፕ ያገኛሉ ተብሎ ነው፤ በበሽታው ፍርሃት መንገደኛው እጅ ለእጅ መነካካት ሲያቆም ቲፑም ቆመ፤ ደመወዙ ግን ባለበት ቀረ።

ለምን ጥያቄያችሁን በመደበኛ ድርድር አልጨረሳችሁም ለሚለን ሰው መልሱ ሕጉ ውስጥ ነው። የአየር መንገድ ሥራ የሚዳኘው በ1926 ለባቡር ሠራተኞች ወጥቶ በ1936 ለአየር መንገዶች በተዘረጋው ሕግ ነው። በዚህ ሕግ ብሔራዊው የሽምግልና ቦርድ ሽምግልናው አብቅቷል ብሎ ተደራዳሪዎቹን ካልለቀቀና ከዚያም የ30 ቀን ማብረጃ ጊዜ ካላለፈ በቀር በደመወዝ ጉዳይ ሥራ ማቆም አይቻልም፤ ሽምግልናው የሚያበቃበት ቀን ደግሞ አልተወሰነም። የኮንትራክተር ሠራተኛ በዚህ ሕግ ነው ወይስ በ1935ቱ አጠቃላይ የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ የሚዳኘው የሚለው ክርክር ብቻውን ወራት ይፈጃል። የእኛ ድርድር በ2019 ተጀመረ፤ በማርች 2020 ተቋረጠ፤ አሁን ኮንትራክተሩ ተቀይሯልና ከማን ጋር እንደምንደራደር እንኳ አልታወቀም። አዲሱ ድርጅት ከቀድሞው ጋር የተደረገው ንግግር እኔን አይመለከተኝም ብሏል። በእንዲህ ያለ አሠራር ኮንትራክተር በተቀየረ ቁጥር የሁለት ዓመት ድርድር ከዜሮ ይጀምራል፤ ቦርዱ ፈቃዱን ሲሰጥ ይህን አላሰበበትም ብለን ማመን ይቸግረናል።

በይደር የሚቆየው የመንገደኛው ቁጥር ወደ 2019 መጠን እስኪመለስ ነው መባሉም መለኪያ ሊሆን አይገባውም። የሥራችን ክብደት ከመንገደኛው ቁጥር ጋር እኩል አልወረደም። ዛሬ በአንድ ሺፍት ያለው የዊልቸር ሠራተኛ ከቀድሞው በጣም ያነሰ ስለሆነ፣ አንድ ሰው በግራና በቀኝ እጁ ሁለት ዊልቸር እየገፋ ከጌት ጌት ሲሄድ በየቀኑ ይታያል። አረጋውያን በአውሮፕላኑ በር ላይ ረጅም ጊዜ ይጠብቃሉ። በ1986 የወጣው ሕግ አየር መንገዶች ለአካል ጉዳተኛ መንገደኞች እርዳታ እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ እርዳታው ሲዘገይ የሚሰደበው ግን አየር መንገዱ ሳይሆን ዊልቸሩን የያዘው ሰው ነው።

የምንጠይቀው ሌላ ቦታ ያልተሠራበት አይደለም። በሲያትል አጠገብ የምትገኘው የሲታክ ከተማ ሕዝብ በኖቬምበር 2013 ድምፅ ሰጥቶ ለአየር ማረፊያ ሥራዎች የሰዓት ደመወዝን 15 ዶላር አድርጓል፤ በዚያው ድንጋጌ ሥራ የሚረከብ አዲስ ኮንትራክተር ነባሮቹን ሠራተኞች ቢያንስ ለ90 ቀን እንዲያቆይ አስገድዷል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በኦገስት 2015 የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድንጋጌው በአየር ማረፊያው ላይ እንደሚጸና ወስኗል። ካሊፎርኒያ ደግሞ በዚህ ዓመት ኤፕሪል 16 ባጸደቀችው ሕግ፣ በወረርሽኙ ምክንያት የተቀነሱ የሆቴልና የአየር ማረፊያ አገልግሎት ሠራተኞች ቦታ ሲከፈት በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ በአገልግሎት ዘመናቸው ቅደም ተከተል እንዲጠሩ፣ ጥሪውን ለመቀበል ወይም ላለመቀበል ለመወሰንም ቢያንስ አምስት የሥራ ቀን እንዲሰጣቸው ደንግጋለች። ሁለቱም ቦታ አውሮፕላን መነሳቱን አላቆመም።

ስለዚህ ቦርዱን የሚከተለውን እንጠይቃለን።

በመጀመሪያ፣ ለአዲሱ ኮንትራክተር በተሰጠው ፈቃድ ላይ፣ ማርች 1 ቀን 2020 በሥራ ላይ የነበሩ ሠራተኞችን በአገልግሎት ዘመናቸው ቅደም ተከተል የመጥራትና ወደፊትም ኮንትራክተር በተቀየረ ጊዜ ነባሩን ሠራተኛ ቢያንስ ለ90 ቀን የማቆየት ግዴታ እንዲጨመር። የተመለሰ ሰው የአገልግሎት ዘመኑና የደመወዝ ደረጃው እንዲጠበቅለት፤ ቀድሞ በመነሻ ደመወዝ የተመለሱትም እንዲስተካከልላቸው።

ጥሪው በስልክ፣ በፖስታና በግል ኢሜይል፣ አማርኛን ጨምሮ ሠራተኛው በሚረዳው ቋንቋ እንዲደረግ፤ በተዘጋ አድራሻ በተላከ ጥሪ ምክንያት «ሥራ አልተቀበሉም» ተብሎ የተጻፈባቸው ፋይሎች እንዲታረሙና እርማቱ ለሥራ አጥነት ክፍያ ቢሮው በጽሑፍ እንዲገለጽ። የጤና ኢንሹራንሱ ድጋፍ ሴፕቴምበር 30 ስለሚያበቃ ይህን የሚመለከተው ማስታወቂያ የሚቀጥለውን ስብሰባ ሳይጠብቅ በዚህ ሳምንት እንዲወጣ።

የተመላሽ ሠራተኞች የባጅ ወጪ እንዲነሣና ማመልከቻቸው በቅድሚያ እንዲታይ።

በደመወዙ ላይ የተሰጠው የይደር ውሳኔ ተነሥቶ፣ በሰዓት 15 ዶላር መነሻ የሚጀመርበት ቀን በቁርጥ እንዲወሰን። ጭማሪው በሁለት ደረጃ ቢከፈል ለመነጋገር ዝግጁ ነን፤ በመንገደኛ ቁጥር ላይ የተንጠለጠለ ቀን ግን አንቀበልም።

በአየር ማረፊያው የሚሠሩ ኮንትራክተሮች በሦስቱም ዙር የተቀበሉትን የደመወዝ ድጋፍ መጠን፣ ሲቀበሉ የነበራቸውን ሠራተኛ ቁጥርና የመለሱትን ሰው ብዛት ለቦርዱ እንዲያቀርቡ፣ ሰነዱም ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን።

ጉዳዩ በኦክቶበር ስብሰባ አጀንዳ ተይዞ ሦስት ተወካዮቻችን እንዲናገሩ፣ አስተርጓሚም እንዲመደብ እንጠይቃለን። የጽሑፍ መልሳችሁን በ30 ቀን ውስጥ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የአየር ማረፊያ አገልግሎት ሠራተኞች ኮሚቴ ሰብሳቢ
የዊልቸር አገልግሎት ሠራተኞች ተወካይ
የካቢን ጽዳትና የሻንጣ ሠራተኞች ተወካይ
የበረራ ምግብ ዝግጅት ሠራተኞች ተወካይ
ገና ያልተጠሩ ተቀናሽ ሠራተኞች ተወካይ

ግልባጭ፦
ለአየር መንገዶች የጣቢያ ሥራ አስኪያጆች
ለከተማው ምክር ቤት